ስልኩን ጆሮው ላይ

ወይዘሮ ጌጤነሽ የልጅ ልጃቸው መሪ መሆኗን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። ልጅቷ፣ ዮዲ፣ በአባቷ ጋናዊት ናት። ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት የጋና ተማሪዎች የማኅበራቸው ሊቀ መንበር አድርገው ሲመርጧት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለው ቤተሰብ ሁሉ እልል አለ። እሳቸው ግን፣ «የሰውን ልጅ ሁሉ ተሸክመሽ፣ አንቺን ማን ሊሸከምሽ ነው?» አሉ።

የፈሩት አልቀረም። ዮዲ ለማኅበሩ በዓል ከበሮ እንዲያመጣ አቅራቢያው ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ የላከችው ኮጆ የሚባል ተማሪ፣ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እናቱ ጋና፣ ኩማሲ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ወንድሟ ነገ ከሩቅ አገር ደርሶ ያረዳታል ተባለ።

ከሰዓት በኋላ የዮዲ ስልክ ጮኸ። እናትየዋ ናት። ልጇ አላነሳ ቢላት ወደ ማኅበሩ መሪ ደወለች።

«እማማ፣ ምን ልበላት? ልንገራት?» አለች ዮዲ ስልኩን ከአፏ አርቃ።

«ኧረ በማርያም! መርዶ በስልክ? ብትወድቅ ማን ይይዛታል? አሞት ሆስፒታል ገብቷል በያት።»

«ውሸት ነው እኮ!»

«ለዛሬ ብቻ ነው፣ የኔ ልጅ። ነገ ሰው አጠገቧ ይሆናል።»

ዮዲ በእንግሊዝኛ እንደተባለችው ተናገረች። ከዚያ የእናትየዋን መልስ አዳመጠች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ስልኩን በእጇ ሸፈነችው።

«አጠገቡ ነሽ ወይ አለችኝ፣ የስ አልኳት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ፣ ልጸልይለት ትላለች።»

ጌጤነሽ ስልኩን በእጃቸው ገፉት።

«በያት ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ይኸው፣ ይስሙላት» አለችና ጆሯቸው ላይ ለጠፈችው።

ቋንቋውን አያውቁትም፤ ጸሎት መሆኑ ግን አልጠፋቸውም። ሴትየዋ ታባብላለች፣ ትማጸናለች፣ መሀል ላይ «ኮጆ» ትላለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። ጌጤነሽ ልቅሶ እንዳያመልጣቸው አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው በአፍንጫቸው ተነፈሱ። ጸሎቱ ቆመ። ከወዲያ ሳቅ ተሰማ፣ እንባ ያነቀው ሳቅ።

ዮዲ ስልኩን ተቀብላ ሰማች።

«ምን አለች?»

«ሲተነፍስ ሰማሁት አለች።»

«ተያት! በቃ ተያት፣ እንዲህ እንዳለች ትደር!» ጌጤነሽ ቀሚሷን ይዘው ጎተቷት።

«አልችልም፣ እማማ። እኔ ነኝ የላክሁት።»

ጀርባዋን ሰጥታቸው ተናገረች። ከእንግሊዝኛው መሀል «ዳይድ»፣ ሞተ የምትለዋን ቃል ጌጤነሽም ያውቋታል።

በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ፤ ጩኸት ተከተለ።

«ማን አለ አጠገቧ?»

«ማንም የለም እኮ!» ዮዲ ሰው ካለ እንዲሰማት ወደ ስልኩ ጮኸች፤ «ሄሎ! ሄሎ! ኤኒባዲ!»

ጌጤነሽ ወለሉ ላይ ዘጭ ብለው፣ እንደማትሰማቸው እያወቁ፣ «እህቴ፣ አይዞሽ እህቴ» እያሉ በአማርኛ ይጣሩ ጀመር። ጩኸቱ ከስልኩ እየራቀ ሄደ። ዮዲ ግን ስልኩን አልዘጋችውም።