ብራዚል የገባው ላፕቶፕ

እኔ ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ደንበኛ ገብቶ «ትንሽ ነገር ናት» ሲለኝ ግን እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ትንሽ ከሆነች ለምን ራስህ አትሠራትም? ጋሽ ደግፌም ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፕ በፌስታል አንጠልጥለው ሲገቡ ያሉኝ ይህንኑ ነው።

«ፀዳለዬ፣ ትንሽ ነገር ናት። ጌሙ ይንተባተባል።»

«የቱ ጌም? ማነው የሚጫወተው?»

«እኔ ነኛ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ደግፌን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ከሆሳዕና በልጅነታቸው መጥተው ኮልፌ ያረጁ፣ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ፣ እሁድ ቸርች ፊተኛው ወንበር ላይ የማይታጡ ሰው ናቸው። ጌሙ ደግሞ በኢንተርኔት የሚጫወቱት ዓይነት ነው። ከየአገሩ የመጣ ሰው አንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ አንዱ ሰይፍ ታጥቆ፣ አንዱ መድኃኒት ቀምሞ፣ እየተጻጻፈ ሲዘዋወር ይውላል።

«እስከ ቅዳሜ ማለቅ አለበት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለጌም ብዬ የሰው ሥራ ላቁም?»

ወንበር ስበው ተቀመጡና ነገሩኝ። እኔም ግማሹን ከሰፈር ወሬ አውቀው ነበር።

ብርቅዬ አንድ ልጃቸው ናት። ከስምንት ወር በፊት ሚሊዮን የሚባል ልጅ፣ እዚሁ ጌም ውስጥ የተዋወቀችው፣ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆረጠ። እሁድ ጠዋት አራት ሰዓት ይመጣሉ ብላ በዋዜማው ከመሸ በኋላ ለአባቷ የነገረቻቸው ራሷ ናት። ጋሽ ደግፌ በግ አርደው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ጠበቁ። አራት አለፈ፣ ስድስት አለፈ። ሚሊዮን የፋርማሲ ተረኛ ሆኖ አድሮ ስልኩን አጥፍቶ ተኝቷል፣ የሽማግሌዎቹን ስልክ የያዘ የለም። ሰዎቹ አሥር ሰዓት ላይ እየሳቁ መጡ። ጋሽ ደግፌ በሩን ዘጉባቸው። «ስድስት ሰዓት ያስጠበቀኝ ሰው ልጄን ምን ሊያደርጋት ነው?» ብለው ጎረቤት እስኪወጣ ጮኹ። ሽማግሌዎቹ «የተነገረን አሥር ነው» ቢሉ፣ ብርቅዬ «ጠዋት አራት መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ» ብትል፣ አልሰማም አሉ። ልጅቷን «ከውሸታም ጋር ገጥመሽ አዋረድሽኝ» አሏት። እሷም በዚያው ምሽት ዓለም ባንክ ሰፈር አክስቷ ቤት ገባች። ላፕቶፑን እንኳ አባቷ ስለገዙላት ጥላው ሄደች።

«ስልኬን አታነሳም። ሁለቴ ሄጄ ከክፍሏ አልወጣችም» አሉኝ። «ሰኞ ተፈራርመው ሊጋቡ ነው፣ ያለ እኔ። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ግን እዚህ ጌም ውስጥ አትቀርም። ያለፈው ቅዳሜ በስሜ ገባሁ። አየኋት እኮ! ፏፏቴው አጠገብ ፋኖስ ይዛ ቆማለች። ወደሷ ልሄድ ስል ስክሪኑ ድርቅ አለ። ሲመለስ የለችም።»

«ምን ሊሏት ነው?»

«እንጃ። ልያት እንጂ፣ የምለው አይጠፋም።»

አንጀቴን በሉት። «አስቀምጡት» አልኳቸው። እሳቸው ግን እንደ ሌላው ደንበኛ አስቀምጠው የሚሄዱ አይደሉም፣ በየቀኑ እየመጡ ሥራዬን ይቆጣጠሩ ጀመር።

ላፕቶፑ አርጅቶ ዊንዶውስ አልሸከም ሲል ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም የጫንኩበት እኔው ነበርኩ። ጌሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ መሀል ቆሞ የሚያስተረጉምለት ፕሮግራም ይፈልጋል። ረቡዕ ዕለት ከሱ ጀመርኩ።

«መጀመሪያ ዋይኑን ላድሰው» ስል ጋሽ ደግፌ ቀና አሉ።

«ምኑን?»

«ዋይን። የፕሮግራሙ ስም ነው።»

«እኛ ቤት ዋይን አይገባም፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ የሚጠጣ አይደለም!»

«ታዲያ ስሙን ያወጣለት ሰው ምን ጠጥቶ ነበር?»

ዋናው ችግር ሌላ ቦታ ተገኘ። አንድ ጊዜ ሲስተሙ ሲታደስ የስክሪን ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ወድቆ፣ ያን ሁሉ ተራራና ሕዝብ የሚስለው ዋናው ፕሮሰሰር ብቻውን ሆኗል። ይህን ስነግራቸው ገባቸው። «ተሳቢውን በአንደኛ ማርሽ ነው የሚጎትተው በይኛ» አሉ። ድራይቨሩን መለስኩት። ሐሙስ ደግሞ ጌሙ አዲስ ነገር ባየ ቁጥር ቆሞ ስዕል ማዘጋጀቱን ትቶ፣ ገና ሲከፈት ቀድሞ እንዲያዘጋጅ አደረግኩት። ጥላውን ቀነስኩ፣ ሣሩን አጠፋሁ።

«ሣሩ ምን አደረገሽ?»

«ይከብደዋል።»

«ደህና ሣር ነበር» አሉና አዘኑ።

ዓርብ ጠዋት ከፈትነው። ወይ ደስታ! የጋሽ ደግፌ ሰውዬ ድልድዩን ተሻገረ፣ ገበያውን ዞረ፣ አንዴም አልተንተባተበም። እሳቸው እንደ መሪ ጨብጠውት የነበረውን ማውዝ ለቀው እጄን ሳሙኝ። እኔም ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ላጠፋው ስል ነው ዓይኔ ጥጉ ላይ ያለው ሰዓት ላይ ያረፈው። 4:10 ይላል። የኔ ስልክ 10:10 ነው የሚለው። በእኛ አቆጣጠር አራት ከአሥር መሆኑ ልክ ነው፣ ግን ኮምፒውተር በእኛ አይቆጥርም። ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። ሳኦ ፓውሎ፣ ብራዚል።

«ይሄን ላፕቶፕ ማነው ብራዚል የወሰደው?» ብዬ ጮኽኩ።

ጋሽ ደግፌ ፈገግ አሉ። «እሱን እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። በስድስት ሰዓት ይሳሳት ነበር። ቁጥሩን ስለውጠው ተመልሶ እዚያው ይሄዳል። ከዚያ ካርታው ላይ አንድ አንድ አገር እየነካሁ ስሞክር፣ እዚያ ጋ ስደርስ ልክ መጣ።»

«መቼ ነው የነኩት?»

«የሽማግሌው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ። እንግዳ ሊመጣ በቤቴ የተሳሳተ ሰዓት አይኑር ብዬ። የግድግዳውንም አስተካክያለሁ።»

ክው አልኩ። ብርቅዬና ሚሊዮን የጌሙንም የሌላውንም ቀጠሮ የሚይዙት ሁለቱም በሚጽፉበት፣ እዚህም ላፕቶፕ ላይ በሚከፈት የጋራ ካሌንደር ነበር። ከፈትኩና ስምንት ወር ወደ ኋላ ሄድኩ። አለ። «እሁድ፣ ሽማግሌ፣ ጠዋት 10:00» ይላል። ካሌንደሩ ሚሊዮን የጻፈውን ሰዓት ወደ ብራዚል ሰዓት ለውጦታል። ብርቅዬ አባቷ ሰዓቱን መንካታቸውን በምን ትወቅ? አሥርን እንደ ፈረንጅ ሰዓት አንብባ ወደ እኛ ስትመልሰው ጠዋት አራት ሆነላት።

«ጋሼ፣ ወደ አዲስ አበባ ልመልሰው ነው። ይቺን መስመር ይዩ።»

መለስኩት። ዓይናቸው እያየ መስመሯ ተለወጠች። ከሰዓት በኋላ 4:00። በእኛ አሥር ሰዓት።

ጋሽ ደግፌ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ቁጥሩ ያው ነው።

«አሥር ነው ያሉት» አሉ ቀስ ብለው። «በአሥር መጡ።»

«አዎ።»

«ልጄም አልዋሸችም።»

«አልዋሸችም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ያስጠበቅኩት እኔው ራሴ ነኛ።» ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። የተቆጣሁትን ያህል አዘንኩላቸው። ሱቁን ከውስጥ ዘጋሁና ውኃ ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት የእኔ ሱቅ ውስጥ፣ የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጌሙ ውስጥ ገቡ። ብርቅዬ ፏፏቴው አጠገብ ፋኖሷን ይዛ ቆማለች። ገና «ደግፌ» የሚለውን ስም ስታይ ዞራ መሄድ ጀመረች። ይህን ጊዜ ግን ስክሪኑ አልደረቀም። እሷ ድልድዩን ስትሻገር እሳቸውም ተሻገሩ። ገበያው ውስጥ ስትታጠፍ ታጠፉ። ሦስት መቶ ሰው በሚተራመስበት አንዴም አልተቆራረጠም። የገበያው አጥር ጥግ ደረሱባት።

በአንድ ጣት መጻፍ ጀመሩ። ፊደል በፊደል! ሄደች፣ አመለጠች፣ እያልኩ ጥፍሬን በላሁ። «ልጻፍልዎት» ብል «እጅሽን ሰብስቢ» አሉኝ።

«ብርቅዬ። የላፕቶፑን ሰዓት የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሚሊዮን አሥር ነው ያለው። አንቺ አራት ያየሽው በኔ ጥፋት ነው። የዋሸ የለም። ያዋረድኩሽ እኔ ነኝ።»

ላኩት። ምንም የለም። ብርቅዬ ንቅንቅ አላለችም።

«ደረቀብን እንዴ?» አሉ።

አየሁ። ከጀርባዋ ሰው ያልፋል፣ ባንዲራው ይውለበለባል። «አልደረቀም፣ ጋሼ። እሷ ነች የቆመችው።»

ከዚያ ፋኖሷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጽሑፍ መጣ።

«አባዬ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«የሰኞውን ብንተወውና ሽማግሌዎቹ ነገ ቢመጡ፣ ትከፍታለህ?»

እኔ ቸኩዬ «ስንት ሰዓት እንደሚመጡ ይጠይቋት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይጠይቋት!» አልኩ። ጋሽ ደግፌ አልሰሙኝም። እንባቸው ኪቦርዱ ላይ እየወረደ በዚያች አንድ ጣታቸው ጻፉ።

«ሰዓት አትንገሪኝ። በሩ ከንጋት ጀምሮ ክፍት ነው።»