የተለጠፈችው ግልገል

ጎሚስታው እንደሻው እጁ ጎማ ሲለጥፍ ጆሮው ከጎረቤቱ ከእትዬ አባይነሽ ደጃፍ አይጠፋም። እሳቸው አመሻሽ ላይ ለልጅ ልጃቸው ለፅዮን ተረት ሲያወሩ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ፣ አማትቦ፣ ይጽፋል። ትምህርቱን በልጅነቱ ነው ያቋረጠው፤ መጻፍን ያስተማረው መስማት ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፉ ታተመ። የእትዬን ስም ከራሱ ስም ጎን አስፍሮ፣ አንዱን ቅጂ ከድፎ ዳቦ ጋር ወሰደላቸው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባል የለ?

ሳምንት ሳይሞላ፣ መጽሐፎቹን ለልጆች እንዲሸጡ ኢተያ ከተማ ለሚሄደው ሚኒባስ ሊሰጥ ካርቶኑን ሲያስር፣ እትዬ አባይነሽ ፅዮንን እየጎተቱ ከች አሉ።

«አንተ! ተረቴን መልስ!»

«ምነው እትዬ፣ በሰላም?»

«የምን ሰላም! ይቺ ልጅ ትላንት ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ የማታውቀው ሰው ‹ነይ ላድርስሽ› ቢላት ባጃጁ ላይ ወጥታ መጣች። ሰውዬው የእግዜር ሰው ሆኖ ነው እንጂ! ለምን ብላት ምን አለችኝ? ‹ግልገሏም ከጅቡ ሆድ ወጥታለች።›»

የእንደሻው እጅ ገመዱ ላይ ቀረ። በእትዬ ተረት ጅቡ «ነይ አዝዬ ላድርስሽ» ያላትን ግልገል ወንዙን ሳትሻገር ይውጣታል፤ በቃ። እሱ ግን ለልጆች ይከብዳል ብሎ በመጨረሻው ገጽ እረኛ አምጥቶ የጅቡን ሆድ አስቀደደ።

«እግዚአብሔር ዮናስን ከዓሣ ሆድ አውጥቶ የለ? ያንን አስቤ እኮ ነው» አለ።

«ዮናስን ያወጣው እግዜር ነው፤ አንተ ጎሚስታ ነህ! ተበልታ ያለቀችውን እንደ ጎማ ከመነዳሪ ለጥፈህ ነፋሃት!»

ጎማ የሚጠብቁት ሹፌሮች በሳቅ ፈረሱ። እትዬ ግን አልሳቁም።

«በሚቀጥለው እትም አስተካክለዋለሁ፣ እትዬ።»

«እስከዚያ የኢተያን ልጆች ማን ያደርሳቸዋል? ጅብ?»

ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ። እንደሻው ካርቶኑን አየ፤ ስንት ዓመት የጠበቀው ቀን ነበር። በልቡ «አቤቱ» አለና ገመዱን ፈታ። ከመነዳሪ የሚቆርጥበትን ቢላ አንስቶ ከየመጽሐፉ የመጨረሻውን ገጽ ይቆርጥ ጀመር። ሚኒባሱ ጥሎት ሄደ። እትዬ አባይነሽ አላመሰገኑም፤ አንድም እንዳያመልጠው አናቱ ላይ ቆመው ጠበቁት።

ፅዮን መሬት የወደቀ ገጽ አነሳች፤ ሥዕሉ ላይ እረኛው ግልገሏን ታቅፎ ይታያል።

«ጋሼ፣ ግልገሏስ?»

እንደሻው ቀና ብሎ እትዬን አየ። አልረዱትም።

«ተበልታለች» አለ።

ልጅቷ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሊያባብላት እጁን ሲዘረጋ፣ እትዬ አባይነሽ በከዘራቸው መለሱት።

«ተዋት፣ ታልቅስ! ዛሬ አልቅሳ ነገ በእግሯ ትምጣ።»