ያለቀሰ ልጅ ባዶ እጁን አይሄድም

የኔነሽ ቤት የመጣ የእንግዳ ልጅ ካለቀሰ ባዶ እጁን አይሄድም። ይህ ሕግ ነው። ልጆቿ ፍጹምና ሶሲ በዚህ ሕግ ስንት አሻንጉሊት እንደተወሰደባቸው አንድዬ ይወቀው። ከዚያ ሁሉ ዘረፋ የተረፈው አንድ የድሮ የቪዲዮ ጌም ብቻ ነበር፤ እሱም ቁም ሳጥን አናት ላይ ተሸሽጎ ስለኖረ ነው።

ባለፈው ወር እሱም ሄደ። ባየሽ የምትባል የቤተ ክርስቲያን ወዳጇ ልጇን ያፌትን ይዛ ከሬኒየር ቫሊ ሰፈር የኔነሽ እስካለችበት እስከ ሲታክ ድረስ ልትጠይቃት መጣች። ያፌት ቀና ብሎ ጌሙን አየ፣ አለቀሰ፣ ከነማጫወቻው ይዞ ሄደ። የኔነሽም ደግ ሠራሁ ብላ ተቀመጠች።

ጣጣው የመጣው ዛሬ ትልቅ ሰው የሆነው ፍጹም ከሚኖርበት ከቤልቪው ሲደውል ነው።

"እማ፣ ያ የሮቦቱ ጌም አለ አይደል? ቅዳሜ መጥቼ ፒክ አደርገዋለሁ።"

"ምን ሊያደርግልህ?"

"ሶሲን ኮል ላደርግላት ነው። ሶ፣ ዝም ብዬ በምን አፌ ላናግራት? 'የመጨረሻውን ሌቭል እንጨርሰው' እላታለሁ።"

የኔነሽ "ሰጠሁት" ማለት አቃታት።

ወንድምና እህት ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የተጣሉትም በሷው ነው፤ አባታቸው ሲያርፍ "እኔ ጋ ትኑር፣ የለም እኔ ጋ" ሲባባሉ የማይባለውን ተባባሉ። እሷም ማንንም ላለማስቀየም ብቻዋን ቀረች። ፋሲካን እንኳ በፈረቃ ነው የምትውለው፤ ጠዋት ከአንዱ፣ ከሰዓት ከሌላው።

ጌሙን በደንብ ታውቀዋለች። አሜሪካ በገቡበት ዓመት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሮቦት ነበረው። የሷ ልጆች ግን ሮቦቱ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው በሮቦቱ ስም የተሠራው ጌም ነው። ትንሿ ሮቦት ከእርከን ወደ እርከን እየዘለለች የወላለቀ እጅ እግሯን ትለቅማለች። መቆጣጠሪያው አንድ፣ ልጆቹ ሁለት። እንግሊዝኛ ሳይችሉ፣ ጓደኛ ሳይኖራቸው፣ ሲያዘልሏት ከረሙ፤ የመጨረሻው ድልድይ ላይ ግን ሁልጊዜ ትወድቅባቸው ነበር። የኔነሽ ከኩሽና "ተራ በተራ!" እያለች ስትጮህ ጉሮሮዋ ይደርቅ ነበር።

አሁን የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ዘዴ ዘየደች፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ትልቅ የመጫወቻ መኪና ገዝታ በባቡር ወደ ባየሽ ቤት ሄደች። ልጁ በአዲሱ ሲያብድ አሮጌውን ይረሳዋል፤ እሷም "ቤት አያጣብብባችሁ" ብላ ታነሳዋለች።

ያፌት በመኪናው አበደ። ጌሙ ግን የትም አይታይም። የኔነሽ ሻይዋን ጠጥታ፣ የሰውን ሁሉ ደኅንነት ጠይቃ፣ በመጨረሻ ይሉኝታዋ አለቀ።

"ያ ጌም ተበላሸ እንዴ?"

ባየሽ ደነገጠች። "እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ። ሰጠሁት። እርስዎ አይደሉ ያለቀሰ ልጅ ባዶ እጁን አይሄድም የሚሉት? ባለፈው እሑድ ሶሲ ልጇን ኖላዊትን ይዛ ጎራ ብላ ነበር።"

"የኔዋ ሶሲ? ኖላዊት አለቀሰች?"

"ኖላዊትማ ዞር ብላም አላየችው። ሶሲ ናት ያለቀሰችው።"

የኔነሽን የሰው ልጅ እንባ ለማበስ ስትሮጥ የራሷ ልጅ እንባ በሰው ቤት መፍሰሱ አሳፈራት። ደግሞም ደስ አላት።

ከባቡር ጣቢያው ለፍጹም ደወለችለት።

"ጌሙ እህትህ ጋ ነው። ሄደህ አምጣ።"

"ሶ... በሯ ላይ ቆሜ ምን ልበል?"

"ጌሜን ስጪኝ በላት። እንቢ ካለች አልቅስ።"

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። ሶሲ የደወለች መስሏት ስታነሳ ኖላዊት ናት፤ በእናቷ ስልክ፣ በእንባ።

"አያቴ፣ ኢትስ ኖት ፌር! አጎቴና ማሚ ጌሙን አያስነኩኝም!"

ከኋላዋ የሮቦቷ የድሮ ሙዚቃ ይሰማል። "ዝለል! ዝለል አልኩህ እኮ!" ትላለች ሶሲ። "አንቺ ነሽ የገፋሽኝ!" ይላል ፍጹም።

የኔነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ጉሮሮዋንም ጠረገች።

"የኔ ቆንጆ፣ ስልኩን ወደነሱ አዙሪው" አለቻት። ከዚያ ባላት ኃይል ጮኸች።

"ተራ በተራ!"