ባሕር ላይ የቆመ ጥድ

«ሲግኔ፣ ጀልባ ቤቱ ውስጥ የተቆለለ ጥድ አለ። አባትሽ ያመጣው መሰለኝ። እሱን እንደ ሐዘን ቤት ወግ ከትክተሽ በሩ ላይ በትኚው፤ ለቀስተኛው በባዶ መሬት ይግባ እንዴ?» አለች አክስቷ ኤድላ፣ የቡናውን ማንቆርቆሪያ ከምድጃው ላይ እያነሣች።

ሲግኔ አልተንቀሳቀሰችም። የአባቷን ሲኒ እያየች ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ቡናው ውስጥ የተነከረ የአይብ ቁራጭ ሲኒው ውስጥ ተጋድሞ ደርቋል። አባቷ አልጎት አይቡን ሳይበላ ከቡና ተነሥቶ አያውቅም፤ ማክሰኞ ጠዋት ግን ተነሣ። «ስመለስ እበላዋለሁ፣ እንዳትነኪብኝ!» ብሏት ነበር የወጣው። ዛሬ ሐሙስ ነው። አልነካችበትም።

«ሰማሽኝ ልጄ?»

«ሰማሁ።»

ጆሮዋ ይሰማል፤ ውስጧ ነው ያልሰማው። አልጎት በልብ ድካም ሞተ ቢሏት ታምን ነበር። ከባለ ሱቁ ከሩናር ጋር ተጨቃጭቆ በንዴት ሞተ ቢሏትም ታምን ነበር። ግን በረዶ ተሰብሮበት ሰመጠ? አርባ ክረምት ሙሉ ከሃልሼር ደሴት እስከ ማዶው ቤተ ክርስቲያን በረጋው ባሕር ላይ የሚያልፈውን የበረዶ መንገድ ጥድ እየተከለ ያመለከተ ሰው? ዓሣ ውሃ አንቆት ሞተ ቢሏት ይቀላት ነበር።

ወጥ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሩናር ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ስኳሩን በጥርሱ ነክሶ ቡናውን ከሲኒው ሳህን ይምጋል። የሚያንሾካሹክ ይመስለዋል እንጂ ድምፁ ግቢ ድረስ ይሰማል።

«ጥድ እግር የለውም» አለ አጠገቡ ላሉት። «ታጌ "ከግራጫው ድንጋይ ውጭ አዙሬ ነው የተከልኩት" ይላል። እኛ ሄደን ያየነው ጥድ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ደቡቡ ሰርጥ ነው የሚገባው። ታዲያ ጥዶቹ ተነሥተው ሄዱ? ዙሪያውን መዞር ሰንፎ በአቋራጩ ተከለው፤ በረዶውንም በዲጅኖ አልፈተነው። ሰው ሲሞትበት ደግሞ ይዋሻል።»

«ቀስ በል እንጂ፣ ልጅቷ ትሰማለች» አለው አንዱ።

«ትስማ! አባቷ አይደለም እንዴ?»

ሲግኔ ካፖርቷን ደርባ፣ መጥረቢያ ይዛ ወጣች።

እሁድ ዕለት ታጌ ራሱ መጥቶ ነበር። ሃያ ዓመት ከአልጎት ጋር መረብ የጎተተ፣ አርባ ዓመት የሞላው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እዚያ ቤት ሲገባ ግን ዛሬም ቆቡን በሁለት እጁ ይይዛል። በመከር የደሴቷ ሰው ተሰብስቦ መንገድ የማመልከቱን ሥራ ከአልጎት ወስዶ ለታጌ ሰጥቶታል፤ የሽማግሌው ዓይን ደክሟል ተብሎ። ያን ቀን ለታጌ እጃቸውን ካነሡት አንዷ ሲግኔ ነበረች። አባቷ አይቷታል። ወደ ቤት ሲመለሱ «እጅሽን ምን ነክሶሽ ነው እንዲያ ያነሣሽው?» ከማለት በቀር የተናገራት ነገር የለም።

እሁድም ታጌ ያደረገውን ሊነግራቸው በአክብሮት መጣ። «አጎቴ አልጎት፣ ዘንድሮ ከግራጫው ድንጋይ ውጭ አዙሬዋለሁ። የሰሜኑ ሰርጥ ተዘግቷል፤ በጋ ላይ ላሞች በእግራቸው ይሻገሩታል። የወንዙ ውሃ ሁሉ አሁን በደቡቡ ሰርጥ ነው የሚያልፈው። ከሥር በረዶውን እየበላው ነው።»

«አያቴ በዚያ ሰርጥ አለፈ። አባቴ በዚያ አለፈ። እኔ አርባ ዓመት አለፍኩ።»

«መሬቱ ተነሥቷላ፣ አጎቴ።»

«መሬቱ ይነሣ! አንተ ተቀመጥና ቡናህን ጠጣ» አለው አልጎት፤ ታጌም ተቀምጦ ጠጣ።

መሬቱስ እውነትም ይነሣል። በየዓመቱ የጥፍር ወርድ ያህል ከባሕሩ ከፍ ይላል። የሲግኔ አያት ውሃው ዳር የሠሩት ጀልባ ቤት ዛሬ ከውሃው መቶ እርምጃ ርቆ በቁጥቋጦ መሐል ቆሟል። ኤድላ «እዚህ አገር የሚያድገው መሬቱ ብቻ ነው፤ ወንዶቹ አያድጉም» እያለች የምትስቀው ወዳ አይደለም።

ጀልባ ቤቱ ይቀዘቅዛል። የአባቷን የሬሳ ሣጥን እዚያ በሁለት ድጋፍ ላይ ያስቀመጡትም ለዚያ ነው። ሲግኔ ሣጥኑን ላለማየት ፊቷን አዙራ ወደ ጥዱ ቁልል ሄደች፤ አንዱንም ስባ አወጣች።

ከበደ። ወደ ብርሃን አመጣችው። ግንዱ ሥር ቡጢ የሚያህል፣ ጥርት ያለ በረዶ ተጣብቆበታል።

ሌላውን ሳበች። እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውም።

ከጫካ የተቆረጠ ጥድ እግሩ ላይ እንዲህ ያለ በረዶ አይኖረውም። በረዶው ይበሳል፣ ጥዱ ቀዳዳው ውስጥ ይቆማል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ ውሃው ይረጋና ይይዘዋል። ይህ ባሕር ላይ ቆሞ የነበረ ጥድ ነው። የግንዱን ጫፍ አየችው፤ በመጋዝ የተቆረጠ ነው። አባቷ በሕይወቱ ጥድ በመጋዝ ቆርጦ አያውቅም፤ «መጋዝ ለአናጢ ነው» ይል ነበር። በመጋዝ የሚቆርጠው ታጌ ነው።

ሰኞ ትዝ አላት። አባቷ መጥረቢያውንና ዲጅኖውን በረዶ ላይ በሚጎተተው ተንሸራታች ጋሪ ጭኖ ቀኑን ሙሉ ጠፋ። ሲመለስ ጓንቱ ረጥቧል፣ ያፏጫል። «የት ዋልክ?» ብትለው «ጫካ» አላት። ከመከር ወዲህ ደስ ብሎት ያየችው ያን ዕለት ብቻ ነበር፤ እሷም ደስ ብሏት ዓሣ ጠበሰችለት።

«አባዬ» አለች ወደ ሣጥኑ ዞራ። «ምን አደረግክ?»

ኤድላ ከኋላዋ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አልሰማቻትም። አሮጊቷ ጥዱን አየች፣ በረዶውን አየች፣ በመጋዝ የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳበሰች። የባሕር ልጅ ናትና የሚያስረዳት አላስፈለጋትም።

«ከትክቺው» አለች።

«አክስቴ!»

«ሲከተከት ጥድ ሁሉ አንድ ነው።»

«ታጌስ? ሰው ሁሉ እሱ ገደለው እያለ ነው።»

«ታጌ ይኖራል፤ የሚኖር ሰው ይረሳለታል። የሞተ ሰው ግን አፍ የለውም። ወንድሜ ከዚህች ደሴት ስም ብቻ ነው ይዞ የሚሄደው። ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ ልጄ።» ይህን ብላ መሐረቧን አስተካክላ ወጣች።

ሲግኔ ከተከተች። የሚያሳፍር ነው፤ ግን ከተከተች። መጥረቢያው ሲያርፍ በረዶው እንደ ብርጭቆ ይበታተናል፤ የጥዱ ሽታ አፍንጫዋን ይሞላዋል። ሽታው ወደ ሰባት ዓመቷ መለሳት። አባቷ በረዶውን በዲጅኖ ይበሳል፣ እሷ ጥዱን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፣ እሱ ውሃ ያፈሳል።

«እስኪይዝ አትልቀቂው።»

«እንደያዘ በምን አውቃለሁ?»

«ሳትለቂ አታውቂም።»

እሷ ግን ፈርታ አትለቅም ነበር፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ የሚያላቅቃቸው እሱ ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ ሕግ አለ፤ መንገድ ያመለከተ ቀድሞ ይሻገራል። ከእሱ በፊት ሰውም ፈረስም በረዶውን አይረግጥም። እሷ ዳር ቆማ ትጠብቃለች፤ እሱ ነጥብ እስኪያህል ይርቃል፤ ማዶ ሲደርስ ቆቡን በዱላ ያነሣል። ያን ጊዜ ትተነፍሳለች።

ግማሹን ከትክታ በሩ ላይ በተነችው። የተረፈውን ለመከትከት ክንዷ እምቢ አላት።

ወጥ ቤት ገብታ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ታጌ በመስኮቱ በኩል ታየ። በተበተነው ጥድ ላይ፣ በራሱ ጥድ ላይ እየረገጠ መጣ። ገባና በሩ አጠገብ ቆመ። ቦታ የለቀቀለት የለም።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ሲግኔ።» ዓይኑ ቀልቷል። «ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከድንጋዩ ውጭ እንደተከልኩት ነው የማስታውሰው። ግን ጥዶቹ እዚያ የሉም፤ ሄጄ አይቻለሁ። እሁድ ስተክል አመዳይ እየወረደ ነበር፣ ከፊቴ ያለውን እንኳ አላይም። ምናልባት... እጄ የለመደውን መንገድ ይዞ ይሆናል። እንግዲህ አጎቴ አልጎትን የገደልኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ሲግኔ ሰው ያልሠራውን ኃጢአት ሲያምን በዓይኗ አይታ አታውቅም።

«ማመንህ መልካም ነው» አለ ሩናር። «ቅዳሜ ግን ሬሳውን ወደ ማዶው ቤተ ክርስቲያን ስናሻግር ሣጥኑን እንዳትነካ። መንገዱንም ነገ እኔ አመለክታለሁ። አልጎት አርባ ዓመት በሄደበት፣ በሰርጡ፤ ከቀዳዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ። በረዶውን ፈትኖ የሚያልፈውን ሰው ያ ሰርጥ ምንም አያደርገውም።»

ሲግኔ ሰርጡን በልቧ አየችው። ፈረሱ፣ ሣጥኑ፣ ከኋላው ደሴቷ በሙሉ፤ ከሥር ደግሞ የወንዙ ውሃ።

ኤድላ ዓይኗን ተክላባታለች። ሲግኔ አክስቷን አየቻት፣ ከዚያም ወጣች። ስትመለስ ከቀሩት ጥዶች አንዱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ፣ በሲኒዎቹ መሐል አስተኛችው። አንድ ሲኒ ወድቆ ተሰበረ። ማንም አላነሣውም።

«ታጌ፣ ይህ የማነው?»

ታጌ ጎንበስ አለ። የተቆረጠበትን አየ፣ እግሩ ላይ ያለውን በረዶ ነካ። «የኔ ነው» አለ። ድምፁ የሕፃን ሆነ። «የት አገኘሽው?»

«የአባቴ ጀልባ ቤት። ሰኞ ዕለት ነቅሎት መጣ። የራሱን በሰርጡ ተከለ። አንተ ያስታወስከው ልክ ነው፤ ከድንጋዩ ውጭ ነበር።»

በረዶው ገበታው ላይ መቅለጥ ጀምሯል፤ ውሃው እየሮጠ ከሩናር ሳህን ሥር ገባ።

«አልጎት?» አለ ሩናር። «አልጎት እንዲህ ያለ ሰው አይደለም!»

«ነው» አለች ኤድላ፣ ከምድጃው አጠገብ። ሁሉም ዞሩ። «ወንድሜ ነው፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።» ከዚያ ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሲግኔ አላለቀሰችም። የተናገረችው ገና ለራሷም እየገባት ነበር። «ማክሰኞ የፖስታው ፈረስ ሊሻገር ነበር» አለች። «አባቴ ከፈረሱ በፊት ብቻውን ወጣ። መንገድ ያመለከተ ቀድሞ ይሻገራል። አይቡን ሳይበላ የተነሣው ለዚያ ነው። አጠፋ፤ ግን በጥፋቱ ላይ ሌላ ሰው አላስቀደመም። ሁለቱንም ንገሩለት።»

ታጌ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሩናር ለረጅም ጊዜ የቡናውን ሳህን ሲያዞር ቆየና ተነሥቶ ወንበሩን ወደ በሩ ገፋለት። «ተቀመጥ» አለው። «ወለሉ ይበርዳል።»

አርብ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሲግኔና ታጌ ጥድ የተጫነ ተንሸራታች እየሳቡ ግራጫው ድንጋይ ደረሱ፤ አዲሱ መንገድ ከአሮጌው የሚለይበት ቦታ ነው። በስተደቡብ፣ ሰርጡ ላይ፣ ክፍቱ ውሃ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሁለቱም አላዩትም፤ ማለት አይተው ዞሩ። ነገ አልጎት ራሱ እምቢ ባለው መንገድ በሣጥን ይሻገራል።

«ዲጅኖ ይዘሃል?» አለችው።

«የኔ አለ።»

«በዚህ ብሳ።» የአባቷን ሰጠችው። መያዣው በአርባ ዓመት መዳፍ ተልጓል። ታጌ ተቀብሎ በእጁ መዘነው፤ ከዚያ በሳ። በረዶው ወፍራም ነበር፤ ክንድ ሙሉ ወርዶ ነው ውሃ የተገኘው።

ሲግኔ ጓንቷን አወለቀች። ጥዱን ቀዳዳው ውስጥ አቁማ ያዘችው፤ ታጌ ውሃ አፈሰሰበት። ብርዱ ከግንዱ ወደ መዳፏ፣ ከመዳፏ ወደ ክርኗ ወጣ። ውሃው መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

«ሲግኔ፣ ይዟል» አለ ታጌ።

አልለቀቀችም።

«እጅሽ ይጎዳል። ይዟል እኮ።»

ጣቶቿን የሚያላቅቅላት ሰው ጠበቀች። የሚመጣ እንደሌለ የገባት ያን ጊዜ ነበር፤ ማክሰኞ የነገሯት ሞት እዚያ፣ ባሕሩ መሐል ላይ ደረሰባት። እንባዋ ፊቷ ላይ እየረጋ፣ በመጀመሪያ ትንሿን ጣቷን አነሣች፤ ከዚያ ቀጥላ ያለችውን፤ ከዚያ መሐለኛዋን። በመጨረሻ አውራ ጣቷን።

ጥዱ ቆመ።