የአየሁሽ ዘይት

ባፈናን በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጡት ፊቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ሚስቱ አየሁሽ የለየችው በእግሩ ነው። ሁለት እጁ ተቃጥሏል። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፤ የሌላውን ነገር እግዜር ያውቃል። መተማ ካለው የጣሊያኖች ጋራዥም መልእክት አብሮ ደረሰ፦ ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ዘይት ቀብቶ ነው የፈነዳበት።

ዘይቱ የአየሁሽ ነበር። በዚያ ቆላ የሰሊጥ ዘይት የማይገባበት ነገር የለም፤ የዛገ ቁልፍ ይከፈትበታል፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ይታሽበታል። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ጣሊያኖቹ ቦምቦላ የሚሉት ትልቅ የብረት ጠርሙስ አለ፤ ለብየዳ የታመቀ ኦክስጅን ይዟል። መክፈቻውን አቧራ በልቶት አልዞር ሲል አለቃው ባፈናን በርግጫ ሲለው ሰነበተ። ምን ያድርግ? ከሚስቱ ዘይት ተቀብሎ ሄደና ቀባው። የታመቀ ኦክስጅን ከዘይት ሲገናኝ ክብሪት አይፈልግም። ይህን ግን ለባፈና የነገረው ሰው አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ ታናሽ ወንድሙ ሰጠኝ በእሱ ቦታ እንዲገባ ተጠራ። እምቢ ቢል እስር ነው። አየሁሽ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ተከተለችው። ይኸኛውንም አብስለው እንዲልኩላት አልፈለገችም።

በሩ ላይ ያገኘችው አስተርጓሚውን ፈረደን ነው። ፈረደ አስመራ ጣሊያንኛ የተማረ፣ የአለቃውን ስድብ አንዲት ቃል ሳያጎድል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ነው። አህያ ከተባለ አህያ ይላል፤ የአህያ ልጅ ከተባለም አባትየውን አይረሳም። እንዳያት ማዘኑን ነገራት፣ ባፈና ጎበዝ ሠራተኛ እንደነበረ ነገራት።

«ቦምቦላውን ዘይት ሊነካው እንደማይገባ ታውቅ ነበር?» አለችው። እስከዚያ ቀን እርስዎ ስትለው የኖረች ሴት ናት።

ፈረደ አንገቱን ደፋ። ቦምቦላዎቹ ከካሚዮን የወረዱ ዕለት አለቃው ነጮቹን ሰብስቦ ሲያስጠነቅቅ አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል።

«ተርጉም አላለኝም» አላት።

የአየሁሽ ደም ፈላ። ስድቡንስ ማን ተርጉም ብሎት ነው? ኮሌታውን ጨምድዳ ያዘችው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን እየጣሉ ተሰበሰቡ። አለቃው ከውስጥ እየጮኸ ወጣ፤ ምን እንዳለ አልገባትም፣ ፈረደም አልተረጎመላትም።

«አሁን ተናገር» አለችው። «ሰጠኝ እየሰማ፣ ሁሉም እየሰማ።»

ፈረደ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ቦምቦላውን ዘይትም ቅቤም አታስነኩት። ቅባት ባለበት እጅ አትያዙት። መክፈቻው አልዞር ካላችሁ ተዉት።»

ሰጠኝ መዳፉን ገልብጦ አየ። ጧት ከቤት ሲወጣ ተረከዙን ዘይት ያሸበት እጅ ነው። በሩ ሥር ከተደረደሩት ቦምቦላዎች ራቅ ብሎ ቆመና እጁን በአፈር ይፈትግ ጀመር።

አየሁሽ የቀረውን ጠበቀች። ባሏን ዓይኑን ያሳጣ ነገር ብዙ ቃል ያለው፣ ሊናገሩት የሚከብድ ነገር መስሏት ነበር።

«አለቀ?» አለችው።

«አለቀ።»

ኮሌታውን ለቀቀችው።

«ይቺን ታክል ነው ለባሌ የነፈግኸው?» አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች።