የሙሉዬ ሹሩባ

ለሱዳኗ የገዳሪፍ ከተማ ሕዝብ በሙሉ! በተለይም ለሰፈራችን ሻይ ሻጮች፣ ካሮ የሚባለው የአህያ ጋሪ ነጂዎችና ሥራ ፈት ተመልካቾች! የቻላቸው ልጅ የሙሉዬ ሹሩባ ዛሬም አለመፈታቱን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።

ሰፈሩ ከጦርነቱ ወሬ ቀጥሎ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። እናትየዋን ማስተዋልን በክረምቱ ወባ ጣላትና ሞተች። ከድንበር ማዶ ባለው አገራቸው ወግ እናት የሞተችባት ልጅ ሹሩባዋ በለቅሶው ይፈታል። ሴቶቹ ሚዶ ይዘው ሲመጡ ግን ቻላቸው በሩ ላይ ቆሞ መለሳቸው። የሰሊጥ አጨዳው አልፎ፣ ማሽላው ገብቶ፣ አናት የሚሰነጥቀው ሐሩር መጣ፤ ሹሩባው ዝናብ እንደመታው ነዶ ተጨፍልቆ እዚያው ልጅቷ ራስ ላይ ነው። ግማሹ ሰው ስንፍና ነው አለ፤ ግማሹ መተት።

ሹሩባውን የሠራችው ማስተዋል ነበረች፤ ትኩሳቱ ይዟት፣ ጋደም ብላ። በግራ በኩል አንዱ መስመር ይንሻፈፋል። እጇ የተንቀጠቀጠው እዚያ ጋ ነው። ቻላቸው የልጁን ገላ ባጠበ ቁጥር ጣቱ በዚያች መስመር ላይ ያልፋል። ማስተዋል ፎቶ እንኳን አልነበራትም።

በጦርነቱ የተዘጋው መንገድ እንደተከፈተ የማስተዋል ታላቅ እህት እናኑ ከመተማ መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ የሙሉዬን ራስ አየች።

«ይኼ ራስ ነው የወፍ ጎጆ? አንተ ሰሊጥ እንጂ ሴት ልጅ ማሳደግ አታውቅም። ወንድሟ ብሩኽስ ወንድ ልጅ ነው፣ ይቅርልህ። እሷን ነገ ይዣት እሄዳለሁ።»

«እትዬ፣ ሙሉዬ የትም አትሄድም።»

«እንግዲያስ ፍታው!»



ጎረቤቱ ዋፋ፣ ሱዳናዊቷ ሻይ ሻጭ፣ ባጥሩ ላይ ብቅ ብላ ከደንበኞቿ በለቀመችው፣ ዓረብኛ በተቀላቀለበት አማርኛ ጮኸች። «ያ ቻላቸው! ወላሂ ስንቴ ለመንኩህ! አምጣት፣ እኔ እሠራታለሁ!»

«ሰማህ? ባዕድ እንኳን አዘነላት!» አለች እናኑ።

ሙሉዬ ራሷን እየፎከተች አባቷን ቀና ብላ አየችው። «አባ፣ በጣም ያሳክከኛል። ኸላስ፣ በቃኝ፣ ካክስቴ ጋር ልሂድ?»

ቻላቸው የሰሊጥ ዘይቱን ጠርሙስ አወጣ። «ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ።»

ከቀኝ ጀመረ። ዘይት እያስነካ፣ እየለየ፣ ቅማሉን እየጨፈለቀ ፈታው። የተንሻፈፈችውን መስመር መጨረሻ አደረጋት። እሷ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሙሉዬ «አባ፣ አለቀ?» ስትለው ፈታት።

ከዚያ መሥራት መጣ። ቻላቸው ዕድሜውን ሙሉ በፋሽጋ እርሻ የሚያውቀው የሰሊጥ ነዶ አስሮ ማቆም ነው። ጸጉሩን ጨብጦ፣ ጠምዝዞ፣ በሲባጎ ጠፍሮ አሰረው። ሦስቱ እስር የልጅቷ አናት ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ያ ሰላም! ሰሊጥ አቆመባት!» ዋፋ ባጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ሳቀች። ሙሉዬም እየዳበሰች ሳቀች። እናኑ ለመቆጣት አስባ ሳቋ አመለጣት፤ ኋላም በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

«እሺ፣ ትቅርልህ» አለች። «ግን ንገረኝ። ለዚህች ታህል ነገር ነው ልጅቷን እስከዛሬ ያሰቃየሃት? ለምን?»

ቻላቸው በርከክ ብሎ የተነቀለውን ጸጉር ካፈሩ ላይ እየለቀመ በመዳፉ ይጨብጥ ነበር።

«አልናገርም» አለ።