ጉሌድ ወፈረ

ወንድሜ ጉሌድ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በጀመረ በሁለት ወሩ ወፈረ። እኛ የቡርኦ ሶማሌዎች በሽተኛ ስናስታምም ግመሎቹ ዘንድ ወስደን ወተትና የሻኛ ስብ እናበላዋለን፤ ጉንጩ ሲሞላ ዳነ ይባላል፣ አለቀ። አጎታችን ዋርሳሜ ጉንጩን ቆንጥጦ፣ «አንተማ ድነሃል! ክኒኑን ለሚያስለው ስጡ» አለ። የጎረቤታችን ልጅ ኡባህ ታስል ነበር። መድኃኒት ታቅፎ የሰው ልጅ ስታስል ዝም ብሎ ማየት እኛ ዘንድ ነውር ነው። የተረፈውን በገዛ እጄ ወስጄ ሰጠኋት።

በአራተኛው ወር ጉሌድ ደም ተፋ።

እየደገፍኩ ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሱ የሕክምና ካርዱን አይቶ ጮኸብኝ።

«ስድስት ወር ነው የሚወሰደው! ለምን አቋረጠ?»

«ስለወፈረ።»

«ምን?»

«ወፈረ፣ ዳነ። የቀረውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠናት።»

«ወይ ጉድ! እናንተ ደንቆሮዎች!»

ደሜ ፈላ። «ቆይ፣ አንተ ልጅ! ስድስት ወር ብሎ ማን ነገረን?»

«ካርዱ ላይ ተጽፏል።»

«በምን ቋንቋ?»

«በእንግሊዝኛ።»

«እሰይ! እኔ ግመል አላቢ ነኝ። መጀመሪያ የመጣን ቀን ክኒኑን ወርውረህልን ‹ቀጣይ!› ነው ያልከው። አፍ አልነበረህም?»

ጉሌድ እያሳለ፣ «ተይው እህቴ» አለኝ።

«አልተወውም!»

በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ካልነገርከኝ ንቅንቅ አልልም አልኩት። ወረፋ የያዙትም፣ «እውነቷን ነው፣ ንገራት!» አሉ። ነገረኝ፣ በገዛ ቋንቋችን። መጀመሪያ ሰውየው ይወፍራል፣ በሽታው ግን ገና አልሞተም፤ ክኒኑን ያቋረጠ ሰው በሽታው ይመለስበታል፣ ያኔ መድኃኒቱም እምቢ ሊለው ይችላል። ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሦስት ደቂቃ! ለወንድሜ ሳንባ ሦስት ደቂቃ ሰስቶ!

«አሁንስ ይሠራለታል?»

«አክታው ይመርመር። እኔ አላውቅም» አለ፣ ዓይኑን ከዓይኔ አሽሽቶ። ቀጥሎም፣ «ልጅቷንም አምጫት» አለኝ።

ጠዋት ስንወጣ የኡባህ እናት መንገድ ላይ አቁማኝ፣ «ልጄ ወፈረችልኝ፣ አላህ እጅሽን ይባርከው» ብላኝ ነበር።